ከሰል ብዬ የተረጎምኩት ቃል

ባለፈው በጋ መቱ ውስጥ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለስብሰባ የሚፈልገኝ ሰው እምብዛም ስለሌለ ኮቴን አራግፌ፣ ጫማዬን አስጠርጌ በጊዜ ደረስኩ። የሚወራው ስለ ደን ነው። አዳራሹ ከየወረዳው በመጡ ገበሬዎች ጢም ብሏል፤ የኡካ ሰው አለ፣ የኖፓ ሰው አለ። አንድ ወጣት ባለሙያ ማይክራፎን ይዞ፣ ዛፍ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን እንዴት እየሳበ ግንዱ ውስጥ እንደሚያኖረው በኦሮምኛ ያስረዳል። ገበሬዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው ጠየቁ፤ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ በቆሎ ዘር እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ሳይደናቀፍ «ካርቦን» አሉ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ማንም ዱላ አላነሳም። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ተነስቼ ወጣሁ። በር ላይ ውሃ የምታድለው ልጅ «ጋሼ፣ ምነው አመመዎት?» ብትለኝ፣ «አይ፣ ትንሽ ነፋስ ልቀበል ነው» ብያት አለፍኩ።

በዚያ ቃል የተነሳ ሰው ሲገደል አይቻለሁ። ቃሉን የተረጎምኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ወደ መናኸሪያው በእግሬ ወረድኩ። ባጃጆቹ ግራና ቀኝ ይሹለከለካሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ይጋፉኛል። ያኔ በዚህ መንገድ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ በእግሩ ነው፤ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደግሞ በጭቃ ነው። የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያለው ሰው እንደ ባለመኪና ይታይ ነበር። እኔ አንድ የካኪ ካፖርትና አንድ እጀታው የተሰበረ ጃንጥላ ነበረኝ። ማዕዘኑ ላይ፣ አሁን የሞባይል ሱቅ የሆነው ቤት፣ የሐጂ ሻይ ቤት ነበር። የሐጂ አባት ከጅማ በኩል ቡና ሲነግዱ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ ሃምሳ ሳንቲም፤ አንድ ብር ይዞ የገባ ሰው ጠግቦ ይወጣል። ፊት ለፊቱ ካሴት ቤት ነበር። ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ከጠዋት ጀምሮ የኦሮምኛ ዘፈን ይለቃል። ከዚያ በፊት በአደባባይ ያልተሰሙ ዘፈኖች ስለነበሩ፣ ሰፋፊ የሳልባጅ ሱሪ የለበሱ ወጣቶች ጭቃው ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዱ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። አንዳንድ ቀን እዚያው ላይ ጠብ ይነሳል። ማን የማን ወገን እንደሆነ ሳይለይ ጥርስ ይረግፋል፣ ራስ ይፈነከታል፤ ከዚያ ሐጂ ደሙን በባልዲ ውሃ አጥበው ሻዩን ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ ዘፈኑም ቡጢውም ከአንድ ጥግ ነበር የሚወጣው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ከተማው ለጥቂት ቀናት ባለቤት አጣ። በነዚያ ቀናት ሰዎች የቤተ ሙከራውን በር በመጥረቢያ ሰብረው ገቡ፤ አንዳንዱ ስፒሪቱን ሊጠጣ፣ አንዳንዱ ሚዛኑን ሊሸጥ። የማይሸጠውን ሰባበሩት። ዘበኛውን «ቁልፍ አምጣ» እያሉ በጠርሙስ ስባሪ ፊቱን ተለተሉት፤ እስኪሞት ድረስ አንድ ዓይኑ በደንብ አልተከደነም። በማግስቱ ስገባ ወለሉ ላይ አዮዲንና ደም ተቀላቅሎ ደርቋል። የቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጎንበስ ብዬ ማሽተት ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብርጭቆ ለቀምኩ። ከዚያ ትምህርቱ በኦሮምኛ ሆነ፤ ጽሕፈቱም በላቲን ፊደል። እናቴ የኖፓ ሰው ስለነበረች ቋንቋውን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት፤ የሳይንሱን ቃል ግን እሷም አታውቀው፣ አላጠባችኝም። መምህራኑ ለእያንዳንዱ ነገር ቃል ሲፈልጉ ይውላሉ፤ እኔም ሁለት ቋንቋ አውቃለሁ እያልኩ እኩል እገባበት ነበር። «ፍቃዱን ጠይቁት» ይባል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ያጠፋኝ ያ ደስታ ሳይሆን አይቀርም።

ሰብለ የመጣችው ከዚህ ሁሉ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ስትማር ቆይታ ለዶክትሬቷ የሚሆን ጥናት ልትሠራ እኛ ዘንድ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ የምታስር፣ ጫካ ስትገባ የወንድ ጫማ የምታደርግ ልጅ ነበረች። ከመጀመሪያው ቀን «ዶክተር» ስላት፣ «ጋሼ ፍቃዱ፣ ገና ነኝ እኮ፤ ቡናው ከፈቀደልኝ ነው» ትለኝ ነበር። ጥናቷ ቅጠል ስለሚበላው ነገር ነው። እኛ ፎቶሲንተሲስ ብለን ለፈተና የሸመደድነውን እሷ ቡና ሥር ተቀምጣ ልትለካው ትፈልጋለች። በጥላ ሥር ያለ የቡና ቅጠል ከአየር ምን ያህል ካርቦን ይስባል? ከሳበው ውስጥ ስንቱን ስኳር፣ ስንቱን ስታርች ያደርገዋል? ስኳሩን በስንት ሰዓት ወደ ፍሬው ይልከዋል? ጥላ በሌለው ቦታ የበቀለውስ? ትምህርት ቤቱ እንድረዳትና እንዳስተረጉምላት እኔን በውሰት ሰጣት።

መሣሪያዋ ሻንጣ የሚያህል ሆኖ በቱቦ የተያያዘ መቆንጠጫ ነበረው። ቅጠሉን ሳትቀጥፍ በመቆንጠጫው ትይዘዋለች፤ ሻንጣው አየር ያስገባል፣ ያስወጣል፣ በገባውና በወጣው መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር ይሰጣል። ሥራችን በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ስኳሩን ለመለካት ግን ቅጠሉን መግደል ያስፈልጋል። «ቆርጠው ቢያስቀምጡት እንኳ ሥራውን አይተውም» ትለኛለች፤ «ውስጡ ያለውን ስኳር ይበላዋል፣ ይለውጠዋል። ሞት እንደመጣበት ሳያውቅ መሞት አለበት።» ለዚህ የሚሆን ፈሳሽ ናይትሮጅን መቱ ውስጥ ከብት ከሚያዳቅሉት ባለሙያዎች ትለምናለች። የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት፣ ውሃ የመሰለ፣ ከበረዶ እጅግ የባሰ የሚቀዘቅዝ ነገር ነው። ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጭስ ይተፋል። ቅጠሉን በመቀስ ቀጭ አድርገን እዚያ ውስጥ ስንጥለው ችስስ እያለ ይንቀጠቀጣል፤ ስናወጣው እንደ ጠርሙስ ይሰባበራል። በቀን ሃምሳ ስልሳ ቅጠል እንገድል ነበር። ጣቶቼ በብርዱ ተልጠው ነበር። ለቅጠል አዝናለሁ ብሎ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን አንዳንዴ ፊቴን አዞር ነበር።

የምንሠራው ከኖፓ ወጣ ብሎ በኦቦ ገለታ የጫካ ቡና ውስጥ ነው። ገለታ እኩያዬ ነው፤ በእናቴም በኩል የሩቅ ዘመዴ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። ቡናውን እሱና ታናሽ ወንድሙ ቶሌራ ከአባታቸው ወርሰውታል፤ በመካከላቸው ድንበር አላሰመሩም፤ አብረው ይመነጥራሉ፣ አብረው ይለቅማሉ። ሰብለ ሥራዋን ስታስረዳው ገለታ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ጥላ ያጣ ቡና ቅርንጫፉ እስኪሰበር ያፈራል፤ ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ፍሬው ቅጠሉን በልቶት ነው» አለ። ተረጎምኩላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እኔ እኮ የመጣሁት ይህን ልለካ ነው» አለችው።

«ታዲያ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቂኝ ይህን ሁሉ ሻንጣ ባልተሸከምሽ ነበር» አለ ገለታ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻንጣውን የሚሸከመው እሱ ሆነ።

በዚያ ሰሞን አካባቢው በወሬ ተወጥሮ ነበር። ከየት እንደመጡ በውል የማይታወቁ ቀያሾች ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው አልፈዋል፤ ከመሬቱ ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ ጫካው ሊነሳ ነው፤ ገበሬው ሊፈናቀል ነው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት ያረጋገጠ ሰው አላገኘሁም። በጎረቤት ቀበሌ በድንበር ጠብ አንድ ሰው በጦር ተወግቶ የሞተው በዚያው ሳምንት ነው። ሰብለ ይህን ስትሰማ «ሰዎቹን ሰብስበን ሥራችንን እናስረዳ» አለች። የቅን ሰው ሐሳብ ነበር።

ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ተሰበሰብን። ወንዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመዋል። ቶሌራ አልነበረም፤ ኡካ ገበያ ሄዷል። ሰብለ በአማርኛ ቀስ እያለች ተናገረች። «ቅጠል ከአየር ውስጥ ካርቦን ይወስዳል። እንጨቱም ፍሬውም የሚሠራው ከሱ ነው። እኛ የምንለካው ምን ያህል እንደሚወስድ ነው።»

እኔ ተረጎምኩ። «ካርቦን» የሚለውን እንዳለ ተውኩት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ዝናቡ ከኮረብታው ጀርባ እየጮኸ ይመጣ ነበር፤ ጠብታው ቅጠሉን መምታት ጀምሯል፤ ሰው ሊበተን ነው። ለማሰብ ጊዜ አጣሁ እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ጊዜ ነበረኝ። «አላውቀውም» ማለት አፍሬ ነው። በትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» የምንለውን አሰብኩ፤ ተቃጠለ ብል ይደነግጣሉ አልኩ። የሚቀርብ ቃል ፈለግሁ።

«ጪሌ ነው» አልኳቸው። በኦሮምኛ ከሰል ማለት ነው። «ዛፉ ውስጥ ጪሌ አለ። እሷ ምን ያህል ጪሌ እንዳለ ነው የምትለካው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሌላ የጠየቀ ሰው የለም፤ ሁሉም በዝናቡ ውስጥ ተበተነ።

«ምን አሏቸው?» አለችኝ ሰብለ።

«ከሰል። ይቀርባቸዋል ብዬ።»

«አልተሳሳቱም። ከሰልም ካርቦን ነው» አለችና ዕቃዋን በላስቲክ መሸፈን ጀመረች። እኔም ልቤ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታው ቀነሰ። በመንገድ የሚያገኙኝ ሰዎች ከሩቅ ይታጠፋሉ። ሰብለ ቅርንጫፎቹ ላይ ያሰረቻቸው ባለቁጥር ክሮች ተበጥሰው አገኘናቸው። በሁለተኛው ቀን ክር የታሰረባቸው ሦስት የቡና እግሮች ከሥራቸው ተቆርጠው፣ ቀይ ፍሬአቸው እንደተንጠለጠለ መሬት ላይ ተጋድመው ነበር። ገለታ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው፤ ይህን ቡና የተከለው አባቱ ነው። «ምን ብለሃቸው ነው ፍቃዱ?» አለኝ። ነገርኩት። «ሰብስበህ በደንብ አስረዳቸው» አለ። «ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በእግሬ ቤት ለቤት ዞሬ በአንድ ቀን ልጨርሰው እችል ነበር። ግን ተሳስቻለሁ ብሎ በየደጁ መዞር ከበደኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ሥራ ላይ ነበርን። ሰብለ ቅጠል ቆንጥጣ ቁጥር ትጠራልኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ገለታ የናይትሮጅኑን ጋን ይዞ ተቀምጧል። መጀመሪያ የሰማሁት የወፎቹን ዝም ማለት ነው። ከዚያ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ከቡናው መካከል ወጡ። ዱላ የያዘ አለ፣ መጥረቢያ የያዘ አለ። ከፊት ቶሌራ ነው፤ ገጀራ ይዟል። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ከወንድሙ ጋር ቁርጥ አንድ መልክ ያለው ሰው ነው። ሁልጊዜ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ነበር የሚጨብጠኝ። ያን ቀን ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ምን ላይ ነው የፈረምክላቸው?» አለው ወንድሙን።

«ምንም አልፈረምኩም። ያን ነገር አስቀምጠውና እናውራ» አለ ገለታ። ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ጫካውን አቃጥለው ጪሌ ሊያደርጉት ነው። የአባታችንን መሬት ሰጥተሃቸዋል።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«የነገረኝ ሰው አይዋሽም። የተናገረው ግን ይኸ ነው» ብሎ በገጀራው ጫፍ ወደ እኔ ጠቆመ። «በሰው ሁሉ ፊት ተናግሯል።»

ገለታ ዞሮ አየኝ። ሰዎቹም ሁሉ እኔን አዩኝ። ገለታ እንድናገር እየጠበቀኝ ነበር። «ተሳስቼ ነው፤ ጪሌ የሚባል ነገር የለም» ማለት ብቻ ነበር። ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ። አልተናገርኩም። ያ ዝምታ ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ እኔ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከኋላ አንዱ መጥቶ ጋኑን በእግሩ ገለበጠው። ነጭ ጭስ ከመሬቱ ላይ እየተንፏቀቀ በእግሮቻችን መካከል ተዘረጋ። «እሳት ለቀቁብን» አለ አንድ ድምፅ፤ ከዚያ በኋላ የሚነጋገር ሰው አልነበረም። ዱላ ወረደ። የሰብለን ሻንጣ ከእጇ ነጥቀው በመጥረቢያ ከፈቱት፤ እሷን በፀጉሯ ጎትተው ጣሏት። እኔ ራሴን ለመሸፈን ክንዴን ሳነሳ ዱላው ክርኔ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። በጉልበቴ ወደቅሁ። ቀና ስል ቶሌራ በላዬ ቆሟል፤ ገጀራውን አንስቷል። ወደ እኔ ነበር። ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፤ ስለቱ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ገለታ በመካከላችን ገባ። እጁን እንኳ አላነሳም፤ ወንድሙን ሊያቅፈው የሄደ ነበር የሚመስለው። ገጀራው አንገቱና ትከሻው መገናኛ ላይ ገባ።

ቶሌራ ገጀራውን ለቀቀው። ሰዎቹ እንዳመጣጣቸው በቡናው መካከል ጠፉ። እሱ ግን አልሸሸም፤ እዚያው ተቀምጦ ወንድሙን በስሙ ይጠራዋል። ሰብለ ሻሿን ፈትታ ቁስሉ ላይ ጫነችው፤ ደሙ በጣቶቿ መካከል እየዘለለ ይወጣል፤ ነጩ ጭስ ገና በላያችን ነበር። ጩኸቱን ሰምተው የደረሱ ጎረቤቶች ቃሬዛ ሠርተው ወደ መንገዱ አወጡት። ቡና የጫነች አንዲት ፒካፕ አገኘንና ጆንያው ላይ አጋደምነው። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ፣ «ልጅቷ ደህና ናት?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት። መቱ ሳንደርስ ጆንያው ላይ ሞተ።

በዚያው ቀን የገለታ ሚስት ወንድሞች መጥተው የቶሌራን ቤት አቃጠሉት፤ የበሬዎቹን ቋንጃ ቆረጡ። ሦስት ቀን ሙሉ በሬዎቹ ሲያገሱ ይሰማ ነበር፣ የሚያርዳቸው ሰው እስኪገኝ። ሽማግሌዎች ገብተው ባያስቆሙት ኖሮ ስንት ሰው እንደሚያልቅ እንጃ። ሰብለ ፊቷ እንዳበጠ በማግስቱ በአውቶቡስ ሄደች። ጥናቷን በሌላ አገር ቡና ላይ ጨረሰች አሉኝ። ሁለት ደብዳቤ ጽፋልኛለች። በሁለቱም ላይ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ገብቶዎታል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። አልመለስኩላትም።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ቆምኩ። ክንዴ በጄሶ ነው። ቶሌራ ሲጠየቅ «ወንድሜን ገድያለሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም» አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «በወንድማማቾቹ መካከል የጠብ ምክንያት ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ተከሳሹ ሟቹን ሲመታ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

ስለቱ ለማን እንደተነሳ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ስለ ጪሌም አልተናገርኩም። ሥራዬን እንዳጣ ፈራሁ፤ የገለታን ዘመዶች ፈራሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን «ፍቃዱን ጠይቁት» የሚሉትን ሰዎች አፈርኳቸው። በመሬት ተጣልቶ ወንድሙን አስቦ የገደለ ተብሎ ረጅም ዓመት ፈረዱበት። እኔ ወደ ቤተ ሙከራዬ ተመለስኩ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ቅጠል በስፒሪት ቀቅዬ፣ ቀለሙን አውጥቼ፣ አዮዲን ጠብ እያደረግሁ ስታርች አሳየሁ። ቅጠሉ ሲጠቁር ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። ከተማው አስፋልት ገባለት፤ ካሴት ቤቱ ተዘጋ፤ ሐጂ ሞቱ። ኖፓን ግን ረግጬ አላውቅም። እናቴ ስትሞት እንኳ እዚያ ሳይሆን መቱ እንድትቀበር አደረግሁ።

ከዚያ ስብሰባ በወጣሁ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የገለታን ባለቤት አዴ ዲንቄን አገኘኋቸው፤ ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመው የተሰጣውን ፍሬ በእጃቸው ያገላብጣሉ። ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል። ወንበር አወጡልኝ። ቆሜ ነው የምናገረው አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዋንዛው ሥር ያልኩትን፣ ጫካው ውስጥ ያላልኩትን፣ ፍርድ ቤት የደበቅኩትን። ቡናውን ማገላበጥ አላቆሙም።

«ጨረሱ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«ያን ቀን እኔም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር። ጪሌ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቶሌራ ከኡካ ሲመለስ እህል ሳላቀርብለት የነገርኩት እኔ ነኝ። ገለታ እኔን አይሰማኝም ነበር፤ ወንድሙ ቢቆጣው እንግዶቹን ያሰናብታል ብዬ ነው።» አንድ የበሰበሰ ፍሬ አንስተው ጣሉት። «እርስዎ ብቻዎን የተሸከሙት መስሎዎት ነበር።»

ቡናውን እያገላበጡ ቀጠሉ። «ቶሌራ ከእስር ከወጣ ወዲህ መሬቴን የሚሠራልኝ እሱ ነው። ልጆቼን የዳረልኝ እሱ ነው። ገለታ ፈርሟል ብሎ ያምናል። ያንን ባያምን እዚያ እስር ቤት ራሱን ይሰቅል ነበር። እንዳይነግሩት።»

«የገለታ ስምስ?»

«የገለታን ስም እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

ቶሌራ መቆፈሪያውን ተሸክሞ ከጓሮ መጣ። ሸብቷል፤ ጎብጧል። ሲያየኝ መቆፈሪያውን አስቀምጦ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ እንደ ድሮው በሁለት እጁ ጨበጠኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ቀረበና ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው በሽታ አወራን። ስነሳ «መንገድ ድረስ ልሸኝዎት» አለ። አዴ ዲንቄ ከማድረቂያው አጠገብ ሆነው ያዩኝ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ደርሰን ሚኒባስ ስንጠብቅ ነው ቶሌራ የጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በየቀኑ ከገለታ ጋር ነበሩ። የፈረመላቸው ነገር ነበር?»

የሱን ፊት ሳይ የገለታን ፊት አየሁት፤ እንድናገር ሲጠብቅ።

«አልፈረመም» አልኩት። «ማንም ወረቀት አላቀረበለትም። ጫካውን የሚነካ አልነበረም። ልጅቷ የምትለካው ቅጠል የሚስበውን አየር ነው፤ ስኳር የሚሆነውን። ጪሌ ብዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጫካው ውስጥ እንድናገር ስትጠብቁኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ገጀራው ለኔ እንደነበር እያወቅሁ ለዳኛው ያልተናገርኩትም እኔ ነኝ።» ስለ ዲንቄ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ቶሌራ እጁን አላነሳም፤ አልጮኸም። በዕድሜው ሁሉ «ኢሲን» እያለ በአንቱታ ሲያናግረኝ የኖረ ሰው፣ ቀና ብሎ «አቲ» ሲለኝ ሰማሁት።

«አንተ ታዲያ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?»

«መቱ» አልኩት። ከቆምንበት በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም።